ለአትክልት መግረዣ የሚሆን መቀስ ሲመረጥ፤ ስለ እንጨቱና ስለ እጁ

ሰው በቅሎ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ ጥርሷን ገልጦ፥ ሰኰናዋን አንሥቶ፥ ወዲያና ወዲህ አስኪዶ ሳይመረምር ገንዘቡን አይሰጥም። ካባ ሲያሰፋም ልብስ ሰፊው ትከሻውንና ክንዱን ሳይለካ ጨርቁን አይቈርጥም። ለቤቱ አትክልት የሚሆን መቀስ ሲገዛ ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ይቀራል። ብረቱ ካብለጨለጨ፥ እጀታው ቀይ ቀለም ከተቀባ፥ ሻጩም ከውጭ አገር የመጣ ነው ካለ፥ በወረቀት ተጠቅልሎ ወደ ቤት ይገባል። ነገር ግን መቀስ ሁለት ጌቶች አሉት፤ አንደኛው የሚቈረጠው እንጨት፥ ሁለተኛው የሚጨብጠው እጅ ነው። ከነዚህ ከሁለቱ አንዱ ሳይጠየቅ የተገዛ መቀስ፥ ዋጋው ምንም ያህል ከፍ ያለ ቢሆን፥ ወይ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል፥ ወይም ዛፉን ያበላሻል። ዛሬ ለውድ አንባቢዎቻችን የማቀርበው ምክር ስለዚሁ ነው፤ ምክሩም ከመጻሕፍት ብቻ የተገኘ ሳይሆን በገዛ ቤቴ በደረሰ ጥፋት የተገዛ ነው።

እናቴ የሚኖሩት በባሌ፥ በጊኒር ከተማ ነው። ጊኒር ከሮቤና ከጎባ በስተ ምሥራቅ የምትገኝ የቈየች የገበያ ከተማ ናት። ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በብርዷ ስትታወቅ፥ ጊኒር ግን 2,000 ሜትር እንኳ ስለማትሞላ አየሯ ለዘብ ያለ ነው። ስለዚህ የጎባ ሰው በግቢው ኮክ ሲተክል፥ የጊኒር ሰው ደግሞ ሎሚና ብርቱካን፥ ቡናና ጌሾ ሊያለማ ይችላል። በእናቴም ግቢ ከአጥሩ ሥር ጌሾ፥ በደጃፉ ግራና ቀኝ ጽጌ ረዳ፥ ከጓሮው ጥቂት የቡና ዛፎች ይገኛሉ። ከሁሉ መካከል ግን አባቴ፥ ነፍሳቸውን ይማርና፥ በእጃቸው የተከሉት አንድ የብርቱካን ዛፍ አለ። እናቴ ይህን ዛፍ ለማንም አያስነኩም፤ ውሃ የሚያጠጡትም፥ የሚገርዙትም እርሳቸው ናቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለፋሲካ በዓል ወደ ጊኒር ስሄድ፥ እናቴን ደስ አሰኛለሁ ብዬ ከአዲስ አበባ አንድ የመግረዣ መቀስ ገዝቼ ሄድሁ። ሱቅ ውስጥ ከነበሩት ሁሉ ትልቁንና ከባዱን መረጥሁ፤ ትልቅ ዕቃ ትልቅ ሥራ ይሠራል ብዬ አስቤ ነበርና። በእጄ ጨብጬ ሁለት ሦስት ጊዜ ከፈት ዘጋ ሳደርገው እጅግ ተስማማኝ። እናቴም መርቀው ተቀበሉኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ስመለስ መቀሱ በእልፍኙ ግድግዳ ላይ በምስማር ተሰቅሎ፥ ዘይት ተቀብቶ፥ እንደ አዲስ ሲያብለጨልጭ አገኘሁት። ወደ ጓሮ ስወጣ ግን ልቤ ደነገጠ። የብርቱካኑ ዛፍ በምሥራቅ በኩል ያለው ትልቁ ክንዱ ደርቆ ቆሟል። ቀረብ ብዬ ባየው፥ በርከት ያሉ ቅርንጫፎች ተሰብረው ሲወርዱ ቅርፊቱን እስከ ግንዱ ድረስ ገሽልጠው ወስደውታል፤ ከቍስሉም ሙጫ ይፈስሳል። የቤቱን ረዳት ልጅ ለብቻዋ ጠርቼ ብጠይቃት፥ «እመቤቴ በሽንኵርት ቢላዋ ነው የሚቈርጡት፤ ቢላዋው እምቢ ሲል በእጃቸው ይሰብሩታል» አለችኝ።

እናቴን «ስለ ምን በመቀሱ አይሠሩበትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፥ ከሩቅ አገር ያመጣህልኝን ዕቃ መንቀፍ ነውር መስሎኝ ዝም አልሁ። መቀሱስ መልካም ነው። ነገር ግን ሲከፈት ጣቴ አይደርስበትም፤ ስጨብጠውም አይታዘዘኝም። ያንተን እጅ ለክተህ ነው የገዛኸው።»

በዚያን ቀን ሁለት ስሕተት እንደ ሠራሁ ገባኝ። የመጀመሪያው፥ የሚይዘውን እጅ ትቼ የሚከፍለውን እጅ መለካቴ ነው። የእናቴ ጣቶች በዕድሜ ብዛት ደርቀዋል፤ መዳፋቸውም ጠባብ ነው። ሁለተኛው፥ ምን ዐይነት እንጨት እንደሚቈረጥበት አለመጠየቄ ነው። የእናቴ ሥራ አብዛኛው ከእርሳስ የማይወፍር ለጋ ቅርንጫፍ መቀነስ ነው፤ ለዚህ ትልቅ መቀስ አያስፈልግም ነበር። ይህም ስሕተት የኔ ብቻ አይመስለኝም። በብዙ ቤት መቀሱን የሚገዛው የቤቱ ጌታ ነው፤ የሚሠራበት ግን እመቤቲቱ ወይም አትክልተኛው ነው። አትክልተኛውም ጌታው የመረጠውን ዕቃ አይበጀኝም ለማለት ያፍራል። እንግዲህ በአክብሮት ምክንያት የተሸሸገው ነገር በዛፉ ላይ ይገለጣል።

የዛፍ ቍስል ምን ያህል ከባድ ነገር እንደ ሆነ ለመረዳት ጥቂት ማስታወስ ይገባል። የሰው ሥጋ ሲቈስል በአዲስ ሥጋ ተተክቶ ይድናል፤ ዛፍ ግን የቈሰለውን እንጨት አያድስም። የሚያደርገው፥ ቍስሉን ከውስጥ እንደ ቅጥር አጥሮ ከጤነኛው መለየት፥ ከላይም በአዲስ እንጨትና ቅርፊት ቀስ በቀስ መሸፈን ነው። ይህን ነገር አብራርተው ያስተማሩት አሌክስ ሺጎ የተባሉ አሜሪካዊ የደን ሊቅ ናቸው፤ በሺሕ የሚቈጠሩ ዛፎችን ሰንጥቀው ውስጣቸውን በመመርመር፥ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ትምህርታቸው በብዙ አገር ተቀባይነት አገኘ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።) ሊቁ እንዳስረዱት፥ ቅርንጫፍ ከግንድ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ጥቂት ያበጠ አንገት አለ፤ ዛፉ ቍስሉን የሚዘጋበት ኀይል የሚገኘው በዚሁ አንገት ውስጥ ነው። ስለዚህ የሚገርዝ ሰው አንገቱን ሳይነካ ከአንገቱ ወዲያ አጠገብ አድርጎ መቍረጥ ይገባዋል። ከግንዱ ጋር አስተካክሎ ቢልጠው አንገቱን ያጠፋዋል፤ ረዥም ጉጥ ቢያስቀርም ጉጡ ደርቆና በስብሶ ለበሽታ በር ይሆናል። ከተቈረጠ በኋላም ሬንጅ ወይም ቀለም መቀባት ቍስሉን ያሽራል የሚባለው ልማድ እንደማይጠቅም በዚሁ ምርመራ ታውቋል። ለዛፍ የሚበጀው መድኀኒት የተሳለ ስለትና ንጹሕ አቈራረጥ ነው። የእናቴ ብርቱካን ግን ያገኘው ይህን አይደለም፤ የተሰበረው ቅርንጫፍ አንገቱንም ቅርፊቱንም ይዞ ወርዷልና፥ ዛፉ ቍስሉን የሚዘጋበት ቦታ አጣ።

ለመግረዝ የተሠራ መሣሪያ ጥንታዊ ነው። በትንቢተ ኢሳይያስ በ2ኛው ምዕራፍ ጦር ተቀጥቅጦ ወደ ማጭድ እንደሚለወጥ ይነገራል፤ በዕብራይስጡ ግን ቃሉ የሚያመለክተው የወይን ቅርንጫፍ የሚገረዝበትን ጠማማ ቢላዋ ነው። የአውሮጳ ወይን ተካዮችም እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ የሚሠሩት በዚህ ዐይነት ቢላዋ ነበር። ዛሬ በአንድ እጅ የሚጨበጠውን መቀስ በመፈልሰፍ ስማቸው የሚነሣው በርትራን ደ ሞልቪል የተባሉት የፈረንሳይ መኰንን ናቸው። እኚህ ሰው የንጉሥ ሉዊ 16ኛ የባሕር ኀይል ሚኒስትር ነበሩ፤ አብዮቱ ሲበረታ ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደዱ፤ ንግሥናው ከተመለሰ በኋላ ወደ አገራቸው ገብተው በ1818 ዓረፉ። መርከብና መድፍ ያዘዙት ሚኒስትር የአትክልት መቀስን ጉዳይ ከክብራቸው በታች አድርገው አልቈጠሩትም። እንግዲህ እኛም በዚህ ነገር ጥቂት ጊዜ ብናጠፋ የሚያሳፍረን አይሆንም።

አሁን ወደ አመራረጡ እንመለስ። በገበያ ላይ የሚገኙት የመግረዣ መቀሶች በጠቅላላው በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ተላላፊ መቀስ ነው። ይህ አንድ የተሳለ ቀጭን ስለትና አንድ ያልተሳለ ጠማማ መንጋጋ አለው፤ ሲጨበጥ ስለቱ በመንጋጋው ጐን ተላልፎ ያልፋል። ሁለተኛው ባለ መስፍ መቀስ ነው። በዚህኛው ስለቱ የሚያርፈው፥ የአንጥረኛ መዶሻ በመስፍ ላይ እንደሚያርፍ፥ በጠፍጣፋ ብረት ላይ ነው። ተላላፊው ለጋውንና ሕይወት ያለውን እንጨት ሳይጨፈልቅ ይቈርጣል፤ ስለዚህ ለጽጌ ረዳ፥ ለብርቱካን፥ ለቡናና ለጌሾ የሚበጀው እርሱ ነው። ባለ መስፉ ግን እንጨቱን በስለቱና በመስፉ መካከል ስለሚያጣብቀው የለጋውን ቅርፊት ይጨፈልቃል። የደረቀና የሞተ እንጨት ለመቀንጠስ ግን ጠንካራና ታዛዥ ነው። አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው ተላላፊውን ይግዛ፤ ሁለት ለመግዛት የሚችል ባለ መስፉን ለደረቅ እንጨት ያቈየው።

ከዚህ በኋላ የእንጨቱ ውፍረት ይመረመራል። በአንድ እጅ የሚያዝ መቀስ በደኅና የሚቈርጠው እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ይኸውም የአንድ ሰው አውራ ጣት ውፍረት ማለት ነው። ትልልቆቹ መቀሶች እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይደርሳሉ። ከዚያ በላይ እስከ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነው ረዥም እጀታ ባለው በሁለት እጅ በሚያዝ መቀስ ይቈረጣል፤ ከዚያም የወፈረው የመጋዝ ሥራ ነው። ያረጀ ቡና አዲስ እንዲያቈጠቍጥ ከምድር ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ተደርጎ ሲጐነደል፥ ይህን ሥራ በመጋዝ እንጂ በእጅ መቀስ መሞከር አይገባም። መቀስን ከዐቅሙ በላይ በሆነ እንጨት ላይ አድርጎ ወዲያና ወዲህ የሚጠመዝዝ ሰው፥ በአንድ ቀን መቀሱንም ዛፉንም ያጠፋል። ስለዚህ ወደ ሱቅ ከመሄድ በፊት ግቢን አንድ ጊዜ ዞሮ፥ የሚቈረጠው እንጨት አብዛኛው ምን ያህል እንደሚወፍር ማየት መልካም ነው።

ቀጥሎ እጅ ይለካል፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይህ ነው። መቀሱን የሚሠራበት ሰው ራሱ ይጨብጠው። ሙሉ በሙሉ ሲከፈት የታችኛው እጀታ በጣቶቹ መካከለኛ አንጓ ላይ ማረፍ አለበት፤ የጣት ጫፍ ብቻ የሚነካው ከሆነ መቀሱ ለዚያ እጅ ትልቅ ነው። ሲዘጋም ሁለቱ እጀታዎች መዳፍን ቈንጥጠው የማይዙ ይሁኑ። ከዚያ በኋላ ሃያ ጊዜ ያህል ሳያቋርጡ መክፈትና መዝጋት ይገባል። በሦስተኛው ያልታወቀው ድካም በሃያኛው ይታወቃል፤ በገዛሁበት ቀን እኔ ሦስት ጊዜ ብቻ ሞክሬ መርካቴን አንባቢ ያስታውሳል። ሞላው እጅግ የጠነከረ ከሆነ ደካማ እጅ መቀሱን በዘጋ ቍጥር ከሞላው ጋር ይታገላል፤ እጅግ የላላ ከሆነ ደግሞ መቀሱ ራሱን ችሎ አይከፈትም። የክብደቱንም ነገር ማሰብ ያስፈልጋል፤ ሩብ ኪሎ ግራም የሚመዝን ብረት በሱቅ ውስጥ ቀላል መስሎ ከአንድ ሰዓት ሥራ በኋላ ክንድ ያዝላል። በዝዋይና በሆለታ የአበባ እርሻዎች ጽጌ ረዳ የሚቈርጡት ሠራተኞች በአንድ ቀን መቀሳቸውን ስንት ጊዜ እንደሚጨብጡ ያሰበ ሰው፥ የእጀታ ልክ የቅንጦት ነገር አለመሆኑን ይረዳል።

በግራ እጁ የሚሠራ ሰው ቢኖር ለግራ እጅ የተሠራ መቀስ መፈለግ ይገባል። በቀኝ እጅ መቀስ ሲሠራ የሚቈርጥበት ቦታ በመንጋጋው ይሸፈንበታልና አንገቱን ስቶ ይቈርጣል። ይህን ሁሉ አስበው የሚሠሩ አንጥረኞች በዓለም አሉ። በስዊስ አገር በ1945 ፌሊክስ ፍሊሽ ያቋቋሙት ፌልኮ የተባለው ቤት መቀሶቹን በቍጥር ለይቶ ይሠራል፤ ቍጥር 2 የተባለው ለመካከለኛና ለትልቅ እጅ፥ ቍጥር 6 ለትንሽ እጅ፥ ቍጥር 9 ለግራ እጅ፥ ቍጥር 7 ደግሞ ጣት እንዳይደክም የታችኛው እጀታው የሚዞር ነው። ይህን የምጠቅሰው ሁሉ ሰው ከዚህ ቤት ይግዛ ለማለት አይደለም፤ መቀስ እንደ ጫማ ቍጥር እንዳለው ለማስረዳት ነው። እጁ እጅግ ለደከመ ሰው ደግሞ በየደረጃው የሚነክስ መቀስ አለ። ይህ በአንድ ጊዜ ጨብጦ ከመቍረጥ ይልቅ፥ ጨበጥ ለቀቅ እያደረጉ በሦስት ወይም በአራት ጊዜ የሚቈርጡበት ነው፤ ሥራው ቢዘገይም ኀይል ይቈጥባል።

እጅና እንጨት ከተስማሙ በኋላ የብረቱ ነገር ይታያል። መቀሱን ዘግቶ ወደ ብርሃን ማንሣትና በስለቱና በመንጋጋው መካከል ብርሃን ያልፍ እንደ ሆነ መመልከት ይገባል፤ ብርሃን ካለፈ ስለቱ እንጨቱን ከመቍረጥ ይልቅ በመካከሉ ያጥፈዋል። ስለቱን ወደ ጐን ቢገፉት የሚወዛወዝ ከሆነም አይገዛ። ቀጭን ወረቀት ከስለቱ ሥር እስከ ጫፉ ድረስ ሳይቀደድና ሳይታጠፍ ከቈረጠ የአሳሳሉ መልካምነት ይታወቃል። ደግሞም ስለቱና እጀታው የተጋጠሙበት በምን እንደ ሆነ መጠየቅ ነው። በብሎን የተያያዘ መቀስ ተፈትቶ ይጠረጋል፥ ይሳላል፥ ሲላላም ይጠብቃል። በተቀጠቀጠ ምስማር ለዘለዓለም የተያያዘ ግን አንድ ጊዜ ከላላ የሚያድነው የለም። ሞላውና ስለቱ በተለይ የሚሸጥለት መቀስ ዋጋው ከፍ ቢልም ከዓመት እስከ ዓመት ስለሚያገለግል በመጨረሻው ርካሽ ነው። መቈለፊያውም በአውራ ጣት በቀላሉ የሚዘጋ ይሁን፤ ልጆች ባሉበት ቤት ተከፍቶ የሚቀመጥ መቀስ አደጋ ነው።

መልካም መቀስ ገዝቶ ክፉ አድርጎ መቍረጥም ይቻላልና፥ ስለ አያያዙ ጥቂት ቃል ልጨምር። ቅርንጫፉ በመቀሱ ጫፍ ሳይሆን ወደ ብሎኑ ቀረብ ብሎ በስለቱ ሥር ይግባ፤ በዚያ ቦታ ጥቂት ጕልበት ብዙ ይሠራል። ቀጭኑ ስለት በዛፉ ላይ ወደሚቀረው እንጨት፥ ጠማማው መንጋጋ ወደሚጣለው ይዙር፤ መንጋጋው የሚያጨማትረው የሚጣለውን እንዲሆን ነው። ጽጌ ረዳ ሲገረዝ ወደ ውጭ ከሚመለከተው የቅጠል ዐይን በላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርቶ፥ ውሃ ከዐይኑ ላይ እንዳይቆም ዘንበል አድርጎ መቍረጥ ነው። አንድ ጊዜ ጨብጦ ያልተቈረጠን ቅርንጫፍ በመጠምዘዝ መገንጠል ፈጽሞ አይገባም፤ መጋዝ ይምጣለት።

የሚገረዝበትም ወራት አለው። ባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ ዝናብ የሚያገኝ፥ ሁለት ጊዜም የሚዘራበት አገር ስለ ሆነ፥ ቍስል ደርቆ የሚሰነብትበት ጊዜ አጭር ነው። በጊኒር ከጥር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወራት፥ የመጋቢት ዝናብ ሳይጀምር፥ ለዋናው ግርዘት የተመቸ ነው፤ ቡናውም በዚያን ጊዜ ተለቅሞ አልቋል። በጎባና በሮቤ ግን በብርዱ ወራት ሌሊት ውርጭ ስለሚወርድ ፈጥኖ የተገረዘ ዛፍ ያወጣው ለጋ ቅጠል ሊቃጠል ይችላል፤ ስለዚህ እስከ የካቲት መታገሥ ይሻላል። የሞተና የታመመ ቅርንጫፍ ግን በታየ ጊዜ ሁሉ ይወገዳል። ዝናብ በሚዘንብበት ቀን ወይም ቅጠል በጤዛ ርሶ ሳለ መግረዝ ደግሞ በሽታን ከዛፍ ወደ ዛፍ ማጓጓዝ ነው።

ስለ በሽታ ከተነሣ፥ ለቡና ባለቤቶች በተለይ የማሳስበው አለኝ። በአገራችን ቡናን ከሚያጠፉት ደዌያት አንዱ የግንድ አድርቅ በሽታ ነው። ይህ በዐይን የማይታይ ሻጋታ በግንዱ ቍስል ገብቶ ውሃ የሚያልፍበትን ሥር ይዘጋል፤ ዛፉም ቅጠሉ ጠውልጎ በቁሙ ይደርቃል። ከዛፍ ወደ ዛፍ ከሚሸጋገርባቸው መንገዶች አንዱ አረም ሲመነጠር ግንድ የሚያቈስለው ገጀራና ሳይጸዳ የሚዞረው መቍረጫ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ከመሄድ በፊት ስለቱን በአልኮል በራሰ ጨርቅ መጥረግ ይገባል። አልኮል ቢታጣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጦ መንከር ይቻላል፤ ነገር ግን በረኪና ብረትን ስለሚያዝግ በመጨረሻው በንጹሕ ውሃ አጥቦ፥ አድርቆ፥ ዘይት መቀባት ያስፈልጋል። የታመመውንም ዛፍ ከሁሉ በኋላ እንጂ በመጀመሪያ አለመንካት ብልኅነት ነው።

ከሥራ በኋላ በስለቱ ላይ የደረቀ ሙጫ በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ይለቃል። በብሎኑ ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃዋል። መቀሱ መቍረጡን ትቶ ማኘክ ሲጀምር በመሳያ ድንጋይ ይሳላል፤ የሚሳለው ግን ዘንበል ያለው የስለቱ ፊት ብቻ ነው፥ የዘንበሉም ልክ እንደ ነበረ ይጠበቃል። ከመንጋጋው ጋር የሚፋተገውን ጠፍጣፋ ፊት የሳለ ሰው በመካከላቸው ክፍተት ያበጃል፤ ከዚያ በኋላ መቀሱ ምንም ቢሳል አይቈርጥም። ወደ ከተማ ቢላዋ ሳዮች የሚልክም ሰው ይህን አስጠንቅቆ ይላክ።

ስለ እናቴ መቀስ የጀመርሁትን ልፈጽም። ከዚያ ንግግር በኋላ እናቴን ለምኜ ቀኝ እጃቸውን በነጭ ወረቀት ላይ አስዘረጋኋቸውና ዙሪያውን በእርሳስ ሣልሁት። «የጫማ ሰፊ ሥራ ነው የምትሠራው» ብለው ሳቁብኝ። ያን ወረቀት አጥፌ በኪሴ ይዤ ወደ አዲስ አበባ ተመለስሁ፤ በየሱቁም መቀሱን እየከፈትሁ በሥዕሉ ላይ እያስቀመጥሁ ለካሁ። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ከፊተኛው በመጠንም በክብደትም የሚያንስ፥ ሞላው ለስላሳ የሆነ ተላላፊ መቀስ አገኘሁና ላክሁላቸው። ትልቁን መቀስ እኔው ወስጄ እሠራበታለሁ፤ ለእጄ የተገዛ ነበርና።

የብርቱካኑ ዛፍ የደረቀ ክንድ በመጋዝ ተቈርጦ ወደ ምድጃ ገባ፤ ያም ወገን እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ወደ ምዕራብ ያለው ክንዱ ግን አለ፤ እናቴም በየካቲት ወር ማለዳ ጤዛው ከረገፈ በኋላ መቀሳቸውን ይዘው ይወጣሉ። ባለፈው በዓል አጠገባቸው ቆሜ ሳለሁ አንድ ለጋ ቅርንጫፍ ቀነጠሱና የተቈረጠውን ፊት አሳዩኝ፤ ልስልስና ንጹሕ ነበር። «ይኸው ታዘዘኝ» አሉ።

ስለዚህ፥ ክቡራን አንባቢዎች፥ ለቤታችሁ አትክልት መቀስ ለመግዛት ስታስቡ የሚሠራበትን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ሊሄድ ካልቻለ የእጁን ልክ ውሰዱ። ከገዛችሁም በኋላ «ተስማማህን?» «ተስማማሽን?» ብላችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ጠይቁ፤ የመጀመሪያው መልስ ብዙ ጊዜ የአክብሮት መልስ ነውና።